ለአባባ የሚሞቅ ስሊፒንግ ባግ

አባባ ተራራ ልወጣ ነው ያለ ቀን እማዬ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ሁለት ነገር ብቻ ተናገረች። አንደኛ፣ የሚሞቅ መኝታ ካልያዘ ከዚህ በር አይወጣም። ሁለተኛ፣ መኝታው የሚከብድ ከሆነ ወገቡ ስለማይችለው አሁንም ከዚህ በር አይወጣም። ከዛ ወደኔ ዞራ፣ አብረኸው ሄደህ ምረጥለት፣ እሱ ለራሱ ሲሆን እጁ ላይ የመጣለትን ነው የሚያነሳው አለችኝና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ሽንኩርት እየከተፈች እንኳ እንባ አልነበራትም። እኛ ቤት ሰሞኑን እንደዛ ነው። የጥርስ ሐኪም መርፌ ወግቶህ ስትወጣ መንጋጋህ አለ አይደል፣ ትነካዋለህ፣ እንዳለ ታውቃለህ፣ ግን የሌላ ሰው ይመስልሃል። አራት የነበርነው ሦስት ሆነን፣ ሦስታችንም የሌላ ሰው መንጋጋ ይዘን እንዞራለን።

የጎደለው ቀጮ ነው፣ ታላቅ ወንድሜ። ስራው ኤሌክትሪክ መዘርጋት ነበር። ቅዳሜና እሁድ ሲደርስ ግን ቤቱን በጀርባው አዝሎ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ተራራ ለተራራ ይዞራል። እኔ ይሄ ነገር ገብቶኝ አያውቅም። አልጋ ያለው ሰው ድንጋይ ላይ ለመተኛት ብሎ ሦስት ቀን ይሄዳል? እንደዛ ስለው፣ አንተ ከሽንት ቤት በላይ ርቀህ አታውቅም ይለኛል። ከሁለት ወር በፊት ሄዱ። ጉም ወረደባቸው፣ ቀጮ ከኋላ ቀረ፣ ቁርጭምጭሚቱ ዞረበት፣ ሁለት ሌሊት ብቻውን አደረ። በሦስተኛው ቀን ነው ያገኙት። ያገኘው የጉዞው መሪ ነው፣ መነፅሩ እንለዋለን። መነፅሩ እቤት መጥቶ የነገረን ትንሽ ነው። ዝናብ ነበር፣ ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ነበር፣ የተኛ ነው የሚመስለው አለ። ሻይ ሰጠነው፣ አልጠጣውም፣ መነፅሩን ጠርጎ ጠርጎ ሄደ።

አባባ ሁለት ወር ሙሉ ምንም ሳይል ቆይቶ ቦታውን ካላየሁ አለ። መነፅሩ እሺ አለው። ግን መንገድ ላይ ሁለት ሌሊት ማደር አለ፣ እዛ ላይ ደግሞ በጠርሙስ ያለ ውሃ ጠዋት በረዶ ሆኖ ነው የምታገኘው አለ። እንግዲህ የእማዬ ሁለት ነገር የመጣው ከዚህ ነው።

አባባ ፍራሽና ኮምፎርት ሰሪ ነው። ሠላሳ ዓመት። እቤታችን ስር ያለችው ክፍል የሱ ናት፣ ጥጡ እስከ ጉልበት ይደርሳል፣ ከዛ ስትወጣ ሽማግሌ መስለህ ነው የምትወጣው። እኔም እዛው ነኝ፣ ጥጥ አፍታታለሁ፣ የተሰፋውን ተሸክሜ ለደንበኛ አደርሳለሁ። በመሃል አንድ ሁለት ጥፋት አጠፋለሁ። አንዴ ባዶ የፍራሽ ልብስ ውስጥ ገብቼ ተጋድሜ፣ አንዷ ደንበኛ ልስላሴውን ልትሞክር በእጇ ስትጫነው፣ "እትዬ፣ ጎኔን" አልኳት። ሴትየዋ ጫማዋን ጥላ ነው የወጣችው። አባባ ሦስት ቀን አላናገረኝም፣ ቀጮ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሲስቅ ከረመ። አሁን እንደዛ አይነት ነገር አይመጣልኝም። ልሞክር ብዬ ነበር፣ ከደጅ የእማዬን ነጠላ ጫማ አንዱን ደበቅኩ። በአንድ ጫማ ስትሄድ ዋለች። ማታ አውጥቼ ቦታው መለስኩት።

አሁን ወደ ነገሩ። ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ።

የቀጮ ስሊፒንግ ባግ ከሰው ሰው የዞረ ነበር። የዳክዬ ላባ ነው ሆዱ። የቀድሞው ባለቤት አጥቦት አጥቦት ውስጡ ተበጣጥሶ፣ ላባው ሁሉ ወደ እግር ወርዶ ተከማችቷል፣ ደረቱ ጋ ጨርቅ ብቻ። አባባ አየውና ሳቀ። ይሄማ የኔ ስራ ነው አለ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፣ ላባውን እኩል አድርጎ አደላደለው፣ ከዛ ኮምፎርት እንደሚሰፋው አድርጎ ከላይ እስከ ገበሩ መርፌውን አሳልፎ፣ በትንንሹ በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ሰፋው። አራት ቀን ፈጀበት። ላባው ከዛ በኋላ አንድ ጣት አልተነቃነቀም። ያምር ነበር፣ ውሸት አያስፈልግም። አባባ ለደንበኛ ሁሉ ያሳየው ነበር።

ቀጮ በሱ የመጀመሪያውን ጉዞ ሄዶ ሲመለስ ደረጃው ስር ያዘኝ። "በስፌቱ ብርድ ይገባል" አለኝ። "መስመር በመስመር ነው የሚገባው፣ የተሰመረ ደብተር መስዬ ነው ያደርኩት።" እየሳቀ ነው የነገረኝ። ከዛ ሳቁን ትቶ፣ ለአባባ ትንፍሽ እንዳትል፣ አራት ቀን ነው የሰፋው አለኝ። አንድ ጉዞ ብቻ ልሂድበትና ተሰረቀብኝ ብዬ ሌላ እገዛለሁ አለ። የሌብነቱን ታሪክ እንደውም እኔ ነኝ የፈጠርኩለት። አውቶቡስ ላይ ነው፣ ሌባው አንካሳ ነው፣ ሮጠህ ልትደርስበት ስትል አዘንክለት፣ እያልኩ። አንካሳ ሌባ ማን ያምናል ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

እኔ እኮ ሚስጥር የሚባል ነገር አይበረክትልኝም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እያለች እማዬ ስንት ዓመት ነገረችኝ። የጎረቤታችን ልጅ ልትታጭ መሆኑን ከእሷ በፊት ለሰፈሩ የነገርኩ ሰው ነኝ። ይሄን አንዱን ብቻ ጠበቅኩ። ያ አንድ ጉዞ ደግሞ ያልተመለሰበት ሆነ።

ስሊፒንግ ባጉ ነው ለዚህ ያበቃው ወይ? አላውቅም። ዝናብ አለ፣ እግሩ አለ፣ ሁለት ሌሊት አለ። መነፅሩ ማንም ቢሆን ይከብደዋል ነው ያለው። እኔ ግን አንድ ነገር አውቄያለሁ። አባባ የስፌቱን ነገር ከሰማ አለቀለት። እንግዲህ ከሁሉም ሰው ተመርጬ፣ እሱን ይዤ ስሊፒንግ ባግ የሚሸጥበት ሱቅ የምሄደው እኔ ነኝ። ስለ ስፌት የሚያወራ ሰው ሳይገኝ፣ ቶሎ አንዱን አንስተን እንወጣለን አልኩ በልቤ። ሌላ እቅድ አልነበረኝም።

ሱቁ ትልቅ ነው። ስሊፒንግ ባጎቹ ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ተንጠልጥለዋል፣ ትልልቅ አባጨጓሬ ነው የሚመስሉት፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። ከስራቸው ሰው እየተጋደመ የሚሞክርበት ምንጣፍ ተነጥፏል። ሻጯ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ የሰካች ልጅ ናት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እርሳሱን እንዴት እንደምሰርቃት ነበር የማስበው።

አባባ ደህናውን ኮቱን ለብሶ ነው የመጣው። "ልጄ፣ ጆንያ ፈልጌ ነበር" አላት፣ "ሰው የሚተኛበት።"

እሷ አልሳቀችበትም። የት ነው የሚያድሩት፣ ብርዱ ምን ያህል ነው፣ ማን ነው የሚሸከመው እያለች ጠየቀችው። ሲተኙ ይበርድዎታል ወይስ ይሞቅዎታል አለችው። አባባ አሰበበትና፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብርድ ልብሱን ሚስቴ እየጎተተችብኝ የራሴን ሙቀት ለይቼ አላውቀውም አላት። ለምን እንደሚሄድ አልጠየቀችም፣ እሱም አልነገራትም። ለሽርሽር መስሏት ነው፣ ጎበዝ አባት አለችው።

መጀመሪያ ያወረደችው ሰው ሰራሽ ጥጥ ያለው ነው። ቢረጥብም ያሞቃል፣ ዋጋውም ቀላል ነው አለች። አባባ ተቀብሎ አንጠለጠለው፣ ወደ ወገቡ አስጠጋው፣ መለሰላት። ሚዛኑ ላይ ስታስቀምጠው ሁለት ኪሎ ከሩብ። ድንኳን አለ፣ ምግብ አለ፣ ውሃ አለ፣ በዛ ላይ ይሄ ሲጨመር ወገቡ ገና አውቶቡሱ ላይ ነው የሚቀረው።

እኔ ቶሎ ብዬ ከዳር የተንጠለጠለ ስስ ነገር ጎትቼ አወረድኩ። ሲታጠፍ ሁለት ጡጫ የማያክል። "ይሄው አባባ፣ ከኮትህ ይቀላል፣ በል እንሂድ" አልኩት።

ሻጯ ከእጄ ወሰደችውና የተሰፋበትን ምልክት አሳየችን። ሦስት ቁጥር አለው። ላይኛው ተመችቶዎት የሚያድሩበት ብርድ ነው፣ መካከለኛው ተኮራምተው የሚያነጉበት ነው አለች። ብዙ ሱቅ መካከለኛውን በትልቁ ይጽፍና ሰው ያታልላል፣ እርስዎ ላይኛውን ብቻ ነው ማየት ያለብዎት አለችው። ይሄ ስሱ ለሞቃት አገር ነው፣ እርስዎ በሚሉት ብርድ ላይኛው ቁጥር ቀርቶ መካከለኛውም አይደርስም።

"የታችኛውስ?" አለ አባባ።

"እሱን ተዉት አባቴ። እሱ ነፍስ የማይወጣበት ነው እንጂ እንቅልፍ የለውም።"

ልጅቷ ምን ታውቃለች። አባባ ራሱን ነቀነቀ፣ ልክ የጨርቅ ዋጋ እንደነገሩት። እኔ ጫማዬን አየሁ። ደህና ጫማ ነው።

ከዛ ሦስተኛውን አወረደች። ላባ የተሞላ፣ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ አንገቱ ጋ ኮፍያ አለው፣ ወደ እግር ሲወርድ ይጠባል። አንድ ኪሎ ከሃያ ግራም። ከከረጢቱ አውጥታ ሁለት ጊዜ ስታራግፈው እንደነፋ የዳቦ ሊጥ ተነሳ። አባባ እጁን ዘረጋ። ሁለት ወር ሙሉ እጁን ወደ ምንም ነገር እንደዛ ሲዘረጋ አላየሁትም። ጨርቁ ላይ አፉን አስጠግቶ ትንፋሹን ነፋበት፣ ያልፋል አያልፍም ብሎ። በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ላባውን ፈለገ፣ አገዳ እንደሌለው አገኘ፣ ይሄ የክንፍ አይደለም፣ የደረቱ ልስላሴ ነው አላት። እሷም እውነትም ነው አለች፣ አይኗን ከፍ አድርጋ አየችው፣ እንዴት አወቁ? ፍራሽ ሰሪ ነኝ አላት። ከዛ በኋላ ሁለቱ እንደ ድሮ ወዳጅ ነው የሆኑት። እንዳይታመቅ ቤት ውስጥ ከከረጢቱ ወጥቶ ነው የሚቀመጠው አለችው፣ ጥጥም እንደዛ ነው አላት። ላባ እርጥበት ይጠላል፣ ውሃ የማይገባበት ከረጢት ውስጥ አድርገው ይያዙ አለችው፣ ራሱን ነቀነቀ።

ሁሉ ነገር ደህና ሄዶ ሳለ እጁ ወደ ስፌቱ ሄደ።

የፍራሽ ሰሪ እጅ መጨረሻው ስፌት ነው፣ ማወቅ ነበረብኝ። አውራ ጣቱን ከላይ፣ ሌባ ጣቱን ከስር አድርጎ መስመሩን መከተል ጀመረ። ቆመ። እንደገና ተመለሰ። ጣቶቹ አልተገናኙም።

እኔ አጠገቤ ያለውን አንድ ቢጫ ስሊፒንግ ባግ አውርጄ ጫማዬን አውልቄ ገባሁበት። እስከ አገጬ ዘጋሁትና መዝለል ጀመርኩ። እንደ እንቁራሪት፣ በሁለት እግር፣ ከምንጣፉ ወጥቼ በጫማዎቹ መደርደሪያ በኩል። "እዩኝ፣ አባጨጓሬው አገባ" እያልኩ። ጫማ ሊለኩ የተቀመጡ ባልና ሚስት ሳቁ። መደርደሪያው ጋ ስደርስ ሚዛኔን ሳትኩ፣ እጅ የለኝ፣ እንደተቆረጠ ግንድ ወደቅኩ፣ ጭንቅላቴ ላይ ስምንት የሚሆን የውሃ ኮዳ ወረደ። ሻጯ እየሳቀች መጥታ አነሳችልኝ፣ ኮዳውን ማለቴ ነው። እኔን ከነባጉ ወደ ምንጣፉ አንከባለለችኝ። ይሄ ደግሞ ምን አይነት ጉድ ነው አለች።

አባባ ዞር ብሎም አላየኝም።

"ልጄ" አላት፣ "ይሄ ስፌት ወደ ውስጥ አልገባም። የት ሄደ?"

"አያልፍም እኮ አባቴ" አለች። ኮዳዎቹን እየደረደረች ነው የምትናገረው፣ እንደ ቀላል ነገር። ላዩና ገበሩ አልተገናኙም፣ በመሃላቸው ቀጭን መረብ ቆሞ እንደ ግድግዳ ላባውን ክፍል ክፍል አድርጎ ይይዘዋል አለችው። "ላዩን ከገበሩ ጋር አንድ ላይ ቢወጉት ላባው እዛች መስመር ላይ ምን ቦታ አለው? ብርዱ በሷ ይገባል። ኮምፎርት ነው እንደዛ የሚሰፋው። ቤት ውስጥ ችግር የለውም።"

ጮክ ብዬ ማዛጋት ጀመርኩ፣ መዝፈን ጀመርኩ፣ ምን እንደዘፈንኩ አላስታውስም። ማንም አልሰማኝም።

"ቤት ውስጥ ችግር የለውም" አለ አባባ። ቃሏን ነው የደገመው።

ሻጯ፣ ለእርስዎ ቁመት አጠር ያለው ይሻላል፣ ባዶ ቦታ ከበዛ ሰውነት አየሩን ሲያሞቅ ነው የሚያድረው፣ ከመጋዘን ላምጣ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ባልና ሚስቱ ጫማቸውን ይዘው ሄዱ። እኔ ምንጣፉ ላይ ነኝ፣ ፊቴ ብቻ ነው የወጣው፣ ጣሪያው ላይ ሦስት አምፖል አለ፣ አንዱ ተቃጥሏል።

አባባ መጣ። ወገቡን ይዞ፣ መጀመሪያ አንዱን ጉልበት፣ ከዛ ሌላውን አድርጎ አጠገቤ ተንበረከከ። ደህናው ኮቱ መሬት ነካ።

"አንተ የምትዘለው ነገር ስትደብቅ ነው" አለኝ። "ከልጅነትህ ጀምሮ።"

አምፖሎቹን እንደገና ቆጠርኩ።

"ነግሮህ ነበር?"

በህይወቴ እጄን ሳላወናጭፍ አውርቼ አላውቅም። እጆቼ ውስጥ ናቸው፣ ጎኔ ላይ ተጣብቀዋል። ቀልድ ፈለግኩ። እንደ ኪስ ነው የፈተሽኩት፣ እዚህም የለም፣ እዚያም የለም። ማድረግ የምችለው አይኔን መጨፈን ብቻ ነበር፣ እሱንም ሞክሬው አስጠላኝ።

"ነግሮኝ ነበር" አልኩ።

"መቼ?"

"ከመጀመሪያው ጉዞ የተመለሰ ቀን። በስፌቱ ብርድ ይገባል አለኝ። ለአባባ ትንፍሽ እንዳትል አለኝ። አራት ቀን ነው የሰፋው አለ።"

አባባ እጁን ባጉ ላይ፣ ደረቴ አካባቢ፣ አስቀምጦ ነበር። ወፍራም ስለሆነ ክብደቱ አይሰማኝም፣ አይቼው ነው እንጂ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያለቅሳል ብዬም ጠበቅኩ።

"ደንበኛ መጥቶ ጎረበጠኝ ሲለኝ ምን አደርጋለሁ?" አለኝ።

"ትፈታዋለህ።"

"ተቆጥቼ አውቃለሁ?"

"አታውቅም።"

"መፍታት እኮ ግማሽ ቀን ነው" አለ። "ጠዋት ቢነግረኝ ለምሳ ፈትቼ አደርስለት ነበር። አልችልም ብል እንኳ ሌላ እንገዛ ነበር።" ድምጹ እንደ ሁልጊዜው ነው፣ ለደንበኛ ቀጠሮ የሚሰጥ ነው የሚመስለው። "ሁለታችሁም አዘናችሁልኝ። እኔ እኮ ከስፌት አልተሰራሁም፣ ስፌቴ ቢፈታ አልበተንም።"

አባባ፣ አልኩት። ስናገረው ውስጤ የሆነ ነገር ይፈነዳል ብዬ ነበር፣ ሁለት ወር የተሸከምኩት ነው። አልፈነዳም። አምፖሉ ተቃጥሏል፣ አባባ ተንበርክኳል፣ እኔ ሞቆኛል። በጣም ይሞቃል ቢጫው።

ጣቶቹን ዘርግቶ አናቴ ላይ አስቀመጠ። ሊያሻሸኝ መስሎኝ ነበር። ከዛ ትንሿ ጣቱ ወደነበረችበት አውራ ጣቱን አመጣ፣ እንደገና ዘረጋ፣ በግንባሬ፣ በአገጬ፣ በደረቴ፣ በጉልበቴ፣ በጉልበቱ እየዳኸ ወደ እግሬ ሄደ። ስንዝር እየቆጠረ ነው። ፍራሽ ሲታዘዝ ሰውየው ካልመጣ አልጋውን እንደዛ ነው የሚለካው።

ሻጯ አጭሩን ይዛ ስትወጣ እግሬ ጋ ተንበርክኮ አገኘችው። ወደቁ እንዴ አባቴ አለች።

"አልወደቅኩም። ለኔ እሱን ስጪኝ" አላት። "ለሱም አንድ፣ ከዚሁ አይነት፣ ረጅሙን። ስምንት ስንዝር ነው።"

"እሱም ይሄዳል?"

"ይሄዳል።"

እኔ እኮ ተራራ አልወድም ልለው ነበር። እግሬ ጠፍጣፋ ነው፣ እማዬ ብቻዋን ትሆናለች፣ ጥጡን ማን ያፍታታዋል፣ ብዙ ነገር ነበረኝ። አይኑን ሳየው ሁሉንም ተውኩት።

"ቀን ቀን ትሸከምልኛለህ" አለኝ። "ሲመሽ ያለውን ሁሉ ትነግረኛለህ። ስለ ስፌቱ ብቻ አይደለም። ለኔ እንዳትነግረው ያለህን ሁሉ።"

ብዙ ነው አልኩት።

"ሁለት ሌሊት አለን" አለ።

ከዛ ሊያወጣኝ ዚፑን ወደታች ሳበው። ትንሽ ወረደና ገበሩን ነክሶ እምቢ አለ። ሻጯ በጉልበት እንዳይስቡት አለችው። አውቃለሁ አላት፣ የራሱን መነፅር ከኪሱ አውጥቶ አደረገ፣ ፊቱን አንገቴ ድረስ አስጠግቶ የተነከሰውን ጨርቅ በጥፍሩ ያላቅቅ ጀመር። አትንቀሳቀስ አለኝ። አልተንቀሳቀስኩም።